ጋሼ ሸጋው መልሰው ሲያነቡት

በየነች ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ስልኳን ከትራሷ ሥር ታወጣና የካዛንን አየር ታያለች። ካዛን የምትባል የሩሲያ ከተማ መኖሯን ከሁለት ወር በፊት አታውቅም ነበር። ልጇ ጊፍቲ ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ወደዚያ መመረጧን ከሰማች ወዲህ ግን፣ መቱ ላይ ፀሐይ ይውጣ ዝናብ ይዝነብ ልብ ሳትለው፣ የካዛንን ብርድ ሳታይ ፊቷን አትታጠብም። በዚያ የጥር ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ «ሲቀነስ ሃያ ሁለት» ይላል።

«ሲቀነስ ሃያ ሁለት!» አለች ጮክ ብላ።

«ሞቋላ!» አለች ጊፍቲ ከጓዳ፣ ጥርሷን እየፋቀች። «ትናንት ሃያ አምስት አልነበር እንዴ?»

በየነች አልሳቀችም። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ጊፍቲ ከትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት ከዘገየች እሷ በልቧ ድንኳን ተክላ፣ ለቀስተኛ አስቀምጣ ትጨርሳለች። ቡሬ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ የሚሠራው ባሏ ደቅሲሳ ስልክ ካላነሳ መኪና ተገልብጧል ማለት ነው። ልጅቷ ካስነጠሳት ሳንባ ነው። ደቅሲሳ «አንቺ እኮ ክፉ ነገርን መንገድ ድረስ ወጥተሽ ነው የምትቀበይው፤ ቤታችንን ረስቶት ቢያልፍ እንኳ ጠርተሽ ታስገቢዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ለካዛን የቀረው አንድ ወረቀት ነበር። ሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ የጻፈላት የጤና ደብዳቤ በሩሲያኛ ተተርጉሞ እስከ ቅዳሜ መላክ አለበት። ጊፍቲ በዚያ ቀን ለፓስፖርት ፎቶ የምትነሳበትና ቅጽ የምትሞላበት ወረፋ ስለነበራት፣ በየነች ከምትሠራበት መዝገብ ቤት ፈቃድ ጠይቃ «እኔ ጎሬ አደርስልሻለሁ» አለቻት። ይህን ስትል ምንም ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። በኋላ ራሷን ስትመረምር ደጋግማ እዚህ ላይ ትቆማለች። ከቤት ስትወጣ ንጹሕ ነበረች። ቢያንስ እንደዚያ ብላ ማመን ትፈልጋለች።

ከመቱ እስከ ቡሬ ሩሲያኛ የተጻፈበት ወረቀት ያገኘ ሰው ሁሉ የሚሄደው ጎሬ፣ ጋሼ ሸጋው ዘንድ ነው። በደርግ ጊዜ ክራስኖዳር ስድስት ዓመት እርሻ ተምረው የመጡ፣ ከቡና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በእጃቸው ይተረጉማሉ፤ አዲስ አበባ የትርጉም ቤት ያለው የድሮ የክራስኖዳር ጓደኛቸው ደግሞ አስተይቦ ማኅተም ያሳርፍበታል። በየነች ዳገቱን ወጥታ ከቤታቸው ስትደርስ ባለቤታቸው እትዬ ሀረገወይን ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ግቢ ግቢ፣ አለ» አሏት። «ዛሬ ጠዋት ራዲዮኑን በሩሲያኛ ሲሰድበው ነበር። እሱ ሩሲያን ጥሎ መጣ እንጂ ሩሲያ እሱን አልጣለችውም።»

ጋሼ ሸጋው መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን አነበቡ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ሐኪሙ ለጋ ልጅ ነው መሰለኝ» አሉ። «ሦስት መስመር ጽፎ ሁለቱ ላይ ያቺን ‹ኮንዲሽን› የምትል ቃል ከቷታል። ‹በልጅነቷ በደረት ኮንዲሽን ተኝታ ታክማለች። ኮንዲሽኗ ክትትል ተደርጎበታል።› ይኸው ነው።»

«ችግር አለው፣ ጋሼ?»

«በእንግሊዝኛ ምን ችግር አለው! እነሱ ይቺን ቃል እንደ ነጠላ ነው የሚያደርጓት፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይለብሷታል። ቤቱ የሚገኝበት ሁኔታ ኮንዲሽን ነው። የውል ግዴታ ኮንዲሽን ነው። አንዱን ሰው በሽተኛ ነው ለማለት ሲያፍሩም ‹ኮንዲሽን አለበት› ይላሉ። ሩሲያኛ ግን ይህን አይወድም፤ ቁርጡን ንገረኝ ይላል። ‹ሶስቶያኒዬ› ብዬ ከጻፍኩ ሁኔታ ነው፤ ደረቷ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ አለፈ። ‹ዛቦሌቫኒዬ› ካልኩ በሽታ ነው፤ ስም ያለው፣ ሐኪም የሚከታተለው። ‹ኡስሎቪዬ› ካልኩ ደግሞ ልጅሽ ከደረቷ ጋር ውል ተፈራርማ ቁጭ ትላለች።»

እትዬ ሀረገወይን ከደጅ ሆነው ሳቁ። በየነች እንደምንም ፈገግ አለች።

«ሐኪሙን ራሱን ብጠይቀው ነበር ደግ» አሉ ጋሼ ሸጋው።

«ለሥልጠና ሄዷል። ስልኩ አይሠራም፤ ጊፍቲ ትናንት ስትሞክር ዋለች።» ይህ እውነት ነበር።

«እንግዲያው እናት አለች።» መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «እኔ ነገሩን ነው የምተረጉመው እንጂ ቃሉን አይደለም። ነገሩ ምን ነበር?»

ስልኩ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሃያ ሁለቱ፣ ከፊቱ ያለችው ያቺ ትንሽ ሰረዝ፣ ዓይኗ ላይ መጡባት። ከዚያ ደግሞ በባዕድ አገር ጠባብ ክፍል፣ ነጭ አንሶላ ላይ የተኛች ጊፍቲ መጣችባት። ስሟን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው በአጠገቧ የለም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። አንድ ቃል ከከበደ የካዛን ሰዎች ራሳቸው «ይቅርብን» ይላሉ፤ እሷ አትሂጂ አላለቻትም፣ ማንም አይወቅሳትም።

«በሽታ ነው» አለች። «የሳንባ በሽታ ነው፣ ጋሼ። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ። አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ይነሣባታል።»

ጊፍቲ በአራት ዓመቷ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል መተኛቷ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አምስት ዓመታት ግን ከጉንፋን በቀር ያገኛት ነገር የለም። ዓምና ከጓደኞቿ ጋር ሶር ፏፏቴ ድረስ ያንን ገደል ወርዳ፣ ሽቅብ ስትመለስ የማንንም እጅ አልያዘችም። በየነች ገደሉ አናት ላይ ቆማ እያለቀሰች ስትጸልይ፣ ጊፍቲ «እማ፣ ፎቶ አንሺኝ!» ትላት ነበር።

«አሁንም ይነሣባታል?» አሉ ጋሼ ሸጋው።

«አሁንም።»

«ልጅቱ ታውቃለች?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። «አንነግራትም» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማመን የሚከብድ ነገር አልነበረም። እዚህ አገር ለታመመ ሰው ሕመሙ አይነገረውም፤ ዘመድ ውጭ ቆሞ ሐኪሙን ያናግራል፣ እንባውን ጠርጎ ይገባና «ምንም የለብህም፣ ብርድ ነው» ይላል። በየነች ውሸቷ እንዲህ የሚቀመጥበት ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ብላ አላሰበችም።

«ሐሙስ ይዘሻት ነይ» አሏት።

«እኔ ብቻዬን ብወስደውስ?»

«አይሆንም። ባለወረቀቱ በሚገባው ቋንቋ መልሼ ሳላነብለት ወረቀት ከእጄ አይወጣም። ወጣት ሆኜ የመድኃኒት መርጫ መመሪያ ተርጉሜ ለአንድ እርሻ ሰጠሁ፤ መልሼ አላነበብኩላቸውም። አንድ ሙሉ የቡና ችግኝ ጣቢያ አቃጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ።»

«ግን አታውቅም አልኩዎት እኮ።»

«ለሩሲያ ሐኪም ተነግሮ ለእሷ የማይነገር ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም፣ ልጄ። ሁለት ቀን አለሽ። አስቀድመሽ አንቺው በእናት አፍ ንገሪያት።»

ወደ መቱ ስትመለስ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር፣ በሁለት የቡና ጆንያ መካከል ተጣብቃ ተቀምጣ፣ መጀመሪያ የተሰማት እረፍት ነበር። ልጄ አትሄድም። ልጄ አትሞትም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሐሳቧ ወደ ሐሙስ ዞረ። ጊፍቲን ታውቃታለች። «ማን ነው በሽተኛ ያለኝ?» ብላ ጋሼ ሸጋውን ከወንበራቸው ታስነሣቸዋለች፤ ቤቱን በጩኸት ትሞላዋለች። በየነች ያንን ጩኸት ለመቀበል ተዘጋጀች። ስድቡንም፣ ኩርፊያውንም። ልጅ በሕይወት ካለ ኩርፊያ ምን አለበት?

ረቡዕ ልትነግራት ሁለት ጊዜ ሞከረች። በመጀመሪያው ጊፍቲ የአባቷን የድሮ ካፖርት ለብሳ መስታወት ፊት ትዞር ነበር። «እማ፣ የቡሬ ጥበቃ አልመስልም?» ብላ ሳቀችባት። በሁለተኛው በየነች «ስሚ እስቲ» ብላ ጀመረችና «ካልሲ ገዝተሻል?» ብላ ጨረሰችው።

ሐሙስ ጎሬ ላይ ዳገቱን ሲወጡ ጊፍቲ ቀድማ፣ የእናቷን ቦርሳ ሳይቀር ተሸክማ፣ እየዘፈነች ነበር። አናት ላይ ደርሳ ዞር አለችና «ነይ እንጂ! ሩሲያ ራሷ ይህን ዳገት አታህልም!» አለች። በየነች ከታች እያለከለከች አየቻትና፣ ዞራ ወደ ሚኒባሱ ልትሮጥ ፈለገች።

ጋሼ ሸጋው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ዳኛ ተቀመጡ። ሩሲያኛውን በጣታቸው እየተከተሉ በአማርኛ አነበቡት፤ ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ከአንዱ ሳያደባልቁ።

«‹ጊፍቲ ደቅሲሳ የተባለችው አመልካች በልጅነቷ በሳንባ በሽታ ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ታክማለች። በሽታው እስካሁን በየጊዜው የሚነሣ በመሆኑ ክትትል ያስፈልገዋል።› ባለወረቀቷ ትስማማለች?»

በየነች ዓይኗን ጨፍና ጩኸቱን ጠበቀች። አልመጣም። ስትገልጠው ጊፍቲ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ ነበር።

«በሽታ?» አለች በቀስታ። ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ደብቃችሁኝ ነበር?»

በየነች ዓይኗን ወደ ወረቀቱ አወረደች። ጊፍቲ የእናቷን ዝምታ አየችው፤ እንደ መልስም ቆጠረችው።

«ለዚህ ነው» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «ለዚህ ነው ስሮጥ የምትጮኺው። ለዚህ ነው ስተኛ መጥተሽ ትንፋሼን የምታዳምጪው፤ የማልሰማሽ ይመስልሻል። ሶር ስወርድ አናት ላይ ቆመሽ ያለቀስሽውም ለዚህ ነው። እኔ እኮ ‹እናቴ ፈሪ ናት› እያልኩ ጓደኞቼን ሳስቅብሽ ነበር። ይቅርታ እማ። አላወቅኩም።»

ይቅርታ ጠየቀቻት። በየነች ይህንን ነበር ያልተዘጋጀችበት። አሥራ አምስት ዓመት የፈራችው ፍርሃት ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሣ ለውሸቷ ሲመሰክርላት ቁጭ ብላ አየች።

«ሂን ሶዳቲን፣ ልጄ፤ አትፍሪ» አሉ ጋሼ ሸጋው። ሰው ሲያጽናኑ ኦሮምኛው ነበር የሚቀናቸው። «ወረቀቱ እስከ ነገ ማታ እኔ ዘንድ ይቆያል። አስቡበትና ወስኑ።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጊፍቲ አልዘፈነችም። ቦርሳውን እናቷ ወሰደችው። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብላ ተቀመጠች፤ ቁልቁለት ላይ። አየር ሳበች፣ ያዘችው፣ አዳመጠችው፣ ለቀቀችው። በየነች ያንን አተነፋፈስ ታውቀዋለች። የራሷ ነው። ልጇ ስትተኛ አልጋው አጠገብ ቆማ እሷ የምትተነፍሰው እንደዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት በየነች ከአልጋዋ ስትነሣ ስልኳን አላየችም። ጊፍቲ ካፖርቱን ቤት ውስጥ ለብሳ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ስልኳ ላይ ረጅም ነገር ስትጽፍ አገኘቻት።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ለዩኒቨርሲቲው ነው። አልመጣም እያልኳቸው ነው።» ቀና ሳትል ቀጠለች። «እዚያ ብሞት ሬሳዬን ማን ያመጣዋል?»

ይህ ዓረፍተ ነገር የበየነች ነበር። ከጊፍቲ ፊት ተናግራው ባታውቅም፣ ለደቅሲሳ በስልክ ሃያ ጊዜ ብላዋለች፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ድምፅ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ሰውነቷ ቀዘቀዘ። ሁለት ወር ሙሉ የፈለገችው ነገር ይኸው ከፊቷ ተቀምጧል፤ ልጇ ቤት ውስጥ ናት፣ ካፖርት ለብሳለች፣ ትፈራለች።

«አትላኪው!» አለች። «ውሸት ነው። በሽታ የለብሽም። እኔ ነኝ ለጋሼ ሸጋው እንደዚያ ያልኳቸው። እንዳትሄጂብኝ ብዬ።»

ጊፍቲ ስልኩን አስቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ልጇ ለታመመባት እናት የሚታዘንላት ዓይነት ርኅራኄ ነበር።

«ተይ እማ። ካወቅኩት በኋላ ለእኔ ብለሽ አትድከሚ።»

«እውነቴን ነው! አባትሽን ጠይቂው!»

«ጠይቄዋለሁ። ትናንት ደወልኩለት። ‹ምንም የለብሽም፣ ማን ነው እንዲህ ያለሽ› አለኝ። ድምፁ ሁሉ ደንግጧል።» በሐዘን ፈገግ አለች። «ተስማምታችኋል። የጎረቤታችን የዲንቃ ባል ታሞ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ‹ጨጓራ ነው› አልነበር ስንለው የነበረው? አንቺም ነበርሽበት።»

ነበረችበት። ሾርባ ይዛ ገብታ «ተሽሎሃል እኮ፣ ፊትህ ወዝቷል» ብላዋለች። አሁን ምን ብትል ያው ነው። መሐላም ያው ነው፤ ሁሉም ምሎለት ነበር። «ዋሽቻለሁ» ማለት ብቻውን ልጇን እንደማያድናት ገባት። ለማጽናናት ማንም የሚናገረው ነገር ነው። የምትታመነው ማንም ለማጽናናት ብሎ የማይናገረውን ነገር ከተናገረች ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ነበራት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ።

ወደ ውስጥ ገብታ ከአልጋ ሥር ሳጥኑን ጎተተች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወረቀት አትጥልም። ከማኅደሩ ሁለት ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንዱ የራሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና መግቢያ ካርድ ነው፤ ሁለተኛው የጊፍቲ የሆስፒታል ካርድ።

«ይህንን ለጋሼ ሸጋው መስጠት ነበረብኝ። ደብቄዋለሁ» አለች ሁለተኛውን እየነካች። «መጨረሻውን አንብቢ።»

ጊፍቲ አነበበች። መጨረሻው ላይ በሐኪም እጅ በእንግሊዝኛ፣ ሙሉ በሙሉ ድና ወጥታለች የሚል ተጽፏል።

«ይሄ የዚያን ጊዜ ነው» አለች ጊፍቲ። «ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የታመምኩት እኔ ነኝ። ቀኑን እይው። የገባሽበትን ቀን።»

«ግንቦት አሥራ ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«አሁን የፈተናውን እይ።»

ጊፍቲ አየች። ግንቦት አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የእናቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ጊፍቲ ተማሪ ሆና በሰነፈች ቁጥር የሚጠቆምላት እሱ ነበር፤ «እናትሽ አንቺን ታቅፋ፣ ማታ ማታ ተምራ ነው ይህን ያገኘችው» ይባላል።

«እሑድ ማታ አተኮሰሽ» አለች በየነች። ቆማ ነበር፤ መቀመጥ የሚገባት አልመሰላትም። «ሰኞ ጠዋት ለዲንቃ ሰጥቼሽ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ‹የልጅቱ አተነፋፈስ ደስ አይልም፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት› አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ማክሰኞ ስትተነፍሺ ከጡትሽ ሥር ደረትሽ ወደ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አየሁት። አየሁት፣ ጊፍቲ። አላየሁም ብዬ ለአባትሽም ለሐኪሙም ተናግሬያለሁ፤ ግን አየሁት። ሆስፒታል ከወሰድኩሽ ያስተኙሻል፣ ካስተኙሽ ፈተናው ያመልጠኛል። አራት ዓመት ማታ ማታ የተማርኩት ገደል ይገባል። አንድ ቀን ነው የቀረው አልኩ። ረቡዕ የመጨረሻውን ተፈትኜ ስመለስ ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር። ዲንቃ በር ላይ አቅፋሽ ትጮኻለች። ሐኪሙ ‹ትናንት ብታመጪያት ኖሮ› አለኝ፤ አልጨረሰውም። ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኛሽ።»

ትንፋሽ አጠራት፤ ቀጠለች።

«ዳንሽ። እኔ ግን ያንን ደረትሽን አሁንም አያለሁ። ስትሮጪ የምጮኸው፣ ማታ የማዳምጥሽ፣ ሶር ላይ ያለቀስኩት ለበሽታሽ አይደለም። አንድ ጊዜ ፈተና አስበልጬብሻለሁና ሁልጊዜ የምትወሰጂብኝ ይመስለኛል። ማክሰኞ ጋሼ ሸጋው ‹ነገሩ ምን ነበር?› ሲሉኝ ነገሩ ይህ ነበር። እሱን ከምናገር አንቺን በሽተኛ አደረግኩሽ።»

ጊፍቲ ሁለቱን ካርዶች አንዱን በአንዱ ላይ አደረገች፣ መልሳ ለየቻቸው። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። በየነች ጩኸቱን አሁን በእውነት ትመኘው ነበር።

«የመጨረሻው ፈተና ምን ነበር?» አለች ጊፍቲ።

«እንግሊዝኛ።»

«ስንት አመጣሽ?»

«ስድሳ ስምንት።»

ጊፍቲ የፈተና ካርዱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ወረወረችው። ስልኳን አንሥታ የጻፈችውን አጠፋች።

«ተነሽ፣ ጎሬ እንሂድ» አለች፤ በየነች ግን ቆማ ነበር። «አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው። እኔ አፌን አልከፍትልሽም።»

ጋሼ ሸጋው ቤት በየነች ሁሉንም ተናገረች። እትዬ ሀረገወይን ከደጅ ገብተው ስለቆሙ ፊታቸውን እያየች ነበር የተናገረችው፤ ለቀልድ የማይሰንፉት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሽማግሌው ሁለቱን ካርዶች ተቀብለው ከመስኮቱ ብርሃን ላይ አነበቧቸው።

«የእኔም ጥፋት አለበት» አሉ በመጨረሻ። «‹አንነግራትም› ስትይኝ አመንኩ። እኔም እንደዚያ ስለለመድኩ አመንኩ። ሌላ ምክንያት ብትሰጪኝ ካርድ አምጪ እልሽ ነበር።»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ ጋሼ?»

«ዝም በይ» አሏት፤ በቁጣ አይደለም። «ዛሬ ሌላ ሰው ጥፋተኛ ሲሆን አትከልክይ። ሁሉንም አንቺ ልትወስጂው ነው?»

የድሮውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙት። አዲስ ወረቀት አወጡ። ሲጽፉ ብዕራቸው ብቻ ይሰማል። ጨርሰው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«‹ጊፍቲ ደቅሲሳ በአራት ዓመት ዕድሜዋ የሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝታ ታክማለች። ሙሉ በሙሉ ድናለች። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ አልተመለሰባትም።› የሐኪሙ ካርድ ተያይዟል ብያለሁ። ባለወረቀቷ ትስማማለች?»

ጊፍቲ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ወደ እናቷ ዞረች። «የመጨረሻው እውነት ነው? አልተመለሰብኝም?»

«አልተመለሰብሽም።»

«አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም።»

ጊፍቲ የእናቷን ፊት እንደ ወረቀት አነበበችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ «እባክዎ ደግመው ያንብቡልኝ» አለች። ደገሙላት። በሁለተኛው ንባብ እጇ ከደረቷ ላይ ወረደ።

ጋሼ ሸጋው ወረቀቱንና ካርዱን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ለአዲስ አበባው ጓደኛቸው ላኩ። ነገ ጠዋት ማኅተም አርፎበት ካዛን እንደሚገባ መልስ መጣላቸው። እትዬ ሀረገወይን ለጊፍቲ «እዚያ ስትደርሺ ‹ሸጋውን ውሰዱልኝ› ብለሽ ንገሪያቸው» አሏት። ጊፍቲ ሳቀች፤ አጭር ሳቅ ነበር፣ ግን የእሷ ሳቅ ነበር።

ጊፍቲ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሮጠች። በየነች ከኋላ «ቀስ!» ልትል አፏን ከፍታ፣ ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

ሚኒባሱ ውስጥ ጊፍቲ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷን አልጠራቻትም፣ ከአጠገቧም ቦታ አልያዘችላትም። በየነች የኋላ ወንበር ላይ ሆና የልጇን ማጅራት እያየች ሄደች። መኪናው ጎሬን ሲለቅ ጊፍቲ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው። የምሽቱ ነፋስ አቧራውን ይዞ እየገባ አንገቷንና ደረቷን ይመታት ጀመር። አንዲት ሴት «ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ነው!» አለቻት። ጊፍቲ አልዘጋችውም። ዞር ብላ፣ ከሁሉም ሰው ራስ በላይ፣ እናቷን ብቻ አየች።

በየነች ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መካከል ጨምቃ፣ «ዝጊው» ሳትላት ተቀመጠች። መቱ እስኪደርሱ ድረስ መስኮቱ እንደተከፈተ ነበር።